የሦስት ሰው ማብሰያ

ማብሰያዋ ቤታችን የገባችው ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ለሦስት ሰው ነበረች። እኛ አራት ነበርን።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ በካርቶን ታቅፏት ገባ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ እናቴ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋችውን ሰማያዊ ጨርቅ በክንዱ ገፋ አድርጎ አስቀመጣት። በሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ ይናወጥ ነበር። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ነበር የምትሰፋው፤ እዚያው ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር። በጨርቋና በመቀሷ ቀልድ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን ዝም አለች። እኔ ዕቃው አስደስቷት መስሎኝ ነበር።

አባቴ ካርቶኑን በካቻቢቴ ሰነጠቀው። ፋብሪካ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር እየፈታ ሽቦ የሚጠቀልል ሰው ስለነበረ ካቻቢቴ ከኪሱ አይጠፋም። ከካርቶኑ የወጣችው ነጭ፣ ክብ፣ አጭር ነገር ናት። ከታች ማሞቂያ፣ ከላይ ገብታ የምትወጣ ትንሽ ድስት፣ የመስታወት ክዳን፣ አንድ ቁልፍ፣ አንዲት ቀይ መብራት። ከትልቁ ድስታችን አጠገብ ስትቀመጥ ከእናቷ ጎን የቆመች ጥጃ መሰለች። እህቴ ወዲያው «ድንኳ» አለቻት፤ ስሟ በዚያው ቀረ።

«መብራት አትበላም» አለ አባቴ። «ያ ምድጃ የሚበላውን ሲሶ ብትበላ ነው። ሩዙንና ውኃውን ትጨምሪያለሽ፣ ትጫኚያታለሽ፤ ሲበስል ራሷ ጠቅ ትላለች። ማማሰል የለ፣ ማረር የለ፣ ቆሞ መጠበቅ የለ።»

እናቴ ድስቷን አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን ወደ ውስጥ አየቻት። ከዚያ እጇን ጨብጣ ከተተችና ለካቻት።

«ለስንት ሰው ናት?»

«ለሦስት።»

«እኛ ስንት ነን?»

አባቴ ካርቶኑን ማጣጠፍ ጀመረ። ሊጣል ያለ ካርቶን እንዲያ ተጠንቅቆ የሚያጣጥፍ ሰው አይቼ አላውቅም።

«እኔ ሥራ ቦታ እበላለሁ» አለ።

«ቁርስስ?»

«ቁርስም።»

«እሁድስ?»

አባቴ የታጠፈውን ካርቶን እንደገና አጠፈው። እህቴ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ተነስታ ያልቆሸሸውን የመስታወት ክዳን ማጠብ ጀመረች። እናቴ ትልቁን ድስት ወስዳ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው። አፉን ወደ ታች ደፍታ።

እኔን ቤት ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። «ምራቂ» ነበር የምባለው። ሽንኩርት ሻጭ መዝና ከጨረሰች በኋላ «እንቺ» ብላ ከላይ ጣል የምታደርጋት አንድ ፍሬ አለች አይደል? እሷ ናት ምራቂ። ከእህቴ ስድስት ዓመት ዘግይቼ፣ ማንም ሳያስበኝ ነው የመጣሁት። ስሙን ያወጣችልኝ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታላቅ፣ ምላሷ ከስፌት መርፌ የሚሾል። ሲጠሩኝ ይሳቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ለሳቅ የወጣ ስም ግን ውሎ አድሮ ያሳክካል።

ስለዚህ «ለሦስት» ሲባል ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። አባት፣ እናት፣ እህት። ምራቂ ሚዛን ላይ አይወጣም።

አሁን የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። ሰው ቤት እየዞርኩ ምድጃና ፍሪጅ እጠግናለሁ። ሰው ማብሰያ ሊገዛ ሱቅ ሲቆም መጀመሪያ የሚያደርገው ቤተሰቡን መቁጠር ነው፤ አባቴም ቆጥሯል። የተወው ራሱን ነው። እናቴ በአንድ እይታ ገባት። እህቴም ገባት። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን በድንኳ ሆነ። አንድ ቀን ሩዝ በምስር፣ አንድ ቀን ድንች በጎመን፣ አንድ ቀን መኮሮኒ። እናቴ ጆሮው የተሰበረ የሻይ ስኒ ነበራት፤ በሱ ሦስት ትለካለች፣ ውኃ ታደርጋለች፣ ቁልፏን ትጫንና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። እኔ አገጬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ አያታለሁ። በመጀመሪያ ቀይዋ መብራት ትበራለች። ቀጥሎ ክዳኑ ያልበዋል። ከዚያ ትንተከተክና በክዳኗ ዳር ነጭ አረፋ ታወጣለች፤ የጎመኑ ሽታ የአዲሱን ጨርቅ ሽታ ይሸፍነዋል። መጨረሻ ላይ ጠቅ። ያቺ ጠቅታ ስትሰማ የእናቴ ትከሻ ትንሽ ይደነግጥ ነበር። ሁልጊዜ።

እኔ ደግሞ ትንሽ መብላት ጀመርኩ። ብዙ ካልበላሁ ቦታ የማልፈጅ መስሎኝ ነበር።

«ብላ እንጂ! ለማን ልትተወው ነው?» አለችኝ እናቴ አንድ ቀን።

«ለአባዬ።»

ማንኪያዋ አየር ላይ ቆመ። «አባትህ በልቶ ነው የሚመጣው።»

«ቢርበውስ?»

እህቴ ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ መታችኝ። አመመኝ። የመታኝ እግር ከሦስቱ የተቆጠረች ልጅ እግር ነው ብዬ ያዝኩባት።

በሳምንቱ አክስቴ መጣች። እኔ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ፤ ሥራዬ ነበር። እናቴ አንድ አሮጌ ማግኔት በክር አስራ ሰጥታኝ የወደቀ መርፌ ታስለቅመኝ ነበር። ማግኔቱ ሲጎተት መርፌዎቹ እየዘለሉ ይጣበቁበታል። ከላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ታዲያ ቁርጥ ነው?» አለች አክስቴ።

«ቅዳሜ ጠዋት። የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ መጥቶ ይወስደዋል።»

«ሻንጣውስ?»

«አልነካሁትም።»

«ማን ያስነካሻል! እሱ ራሱ ይክተተው። እጁ አልተሰበረ።» ሻዩን ፉት ስትል ሰማኋት። «እዚያ ያለው ስንት ወሩ ነው አሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አታውቂም! ሰፈሩ በሙሉ አውቆት።» ስኒዋን አስቀመጠች። «ስሚኝ፣ ትንሹን ለጊዜው ለእኔ ስጪኝ። አንድ አፍ ይቀልልሻል።»

ከጠረጴዛው ሥር የሚታየኝ የእናቴ እግር ብቻ ነበር። የስፌት መኪናውን መርገጫ ይረግጣል፣ ያቆማል፣ ይረግጣል።

እኔ የሰማሁት ይኸው ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ፒካፕ ይመጣል፤ ትንሹን ይወስደዋል፤ አክስቴ ቤት። ወሩ ስንት ነው የተባለው ልጅ ማን እንደሆነ አላሰብኩበትም። የራሱ ጉዳይ ያስጨነቀው ሰው የሌላውን አይሰማም። አባቴ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ከተማ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሴትና የስድስት ወር ልጅ እንዳለው የሰማሁት አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ነው።

ያኔ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ድንኳ ከሞተች ትልቁ ድስት ከቁም ሣጥኑ ይወርዳል። ትልቁ ድስት ውስጥ ለሁሉም ቦታ አለ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ የሰፋችውን ልታስረክብ ወጥታ ነበር። ማብሰያዋን ከሶኬቱ ነቀልኩና ጠረጴዛ ሥር ይዣት ገባሁ። ገመዷን በጥርሴ ያዝኩ። ላስቲኩ ጨው ጨው ይላል። ነከስኩ፣ ጎተትኩ፣ ጠመዘዝኩ፤ መዳቡ ምላሴን ወጋኝ። እስኪበጠስ ድረስ መንጋጋዬ ዛለ። ስጨርስ ቦታዋ መልሼ አስቀምጬ፣ ደብተሬን ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ እንዲያ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ አላውቅም።

እራት ሰዓት ሲደርስ ድንኳ አልበራ አለች። አባቴ ገመዱን አነሳ፤ ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አገላበጠው።

«ማነው የበላት?»

«አይጥ ይሆናል» አልኩ።

«አይጥ» አለ። እንደገና አየው። «ይቺ አይጥ ግን ሁለት የፊት ጥርስ የላትም።»

የእኔ ደግሞ ከወለቁ ሁለት ሳምንታቸው ነበር። እህቴ ሳቀች፤ እስከ አሁን ሳቋ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እናቴም ከስፌቷ ቀና ሳትል ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያኔ የሳቀች መስሎኝ ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

አባቴ አልመታኝም። እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ። «ና እይ» አለኝ። «ገመድ አፍ አለው። ማን እንደቆረጠው ይናገራል። በፒንሳ የተቆረጠ ይጨፈለቃል። በቢላ የተቆረጠ ይንሸራተታል። በጥርስ የተቆረጠ እንዲህ ይጎነታተላል፤ አየህ? ሠራተኛ ሲያየው ማወቅ አለበት።»

ከዚያ የተጎነታተለውን ጫፍ በሁለቱም በኩል ቆርጦ ጣለው። «ከመቀጠልህ በፊት ጫፉን አስተካክል። የተበላሸ ጫፍ ይዞ የሚቀጥል ሰው ሰነፍ ነው፤ ወይ ደግሞ የቸኮለ። ሁለቱም ሠራተኛ አይባሉም።» መዳቡን ከመዳቡ ጋር ጠመዘዘው። ለእያንዳንዱ ለብቻው ናስትሮ፣ ያንን ጥቁር የሽቦ ፕላስተር፣ አለበሰው፤ ላዩን ደግሞ አንድ ላይ ጠቀለለው። «ሲበላሽ አንተ ትሠራላቸዋለህ» አለኝ።

«ትሠራላቸዋለህ» ያለውን አልወደድኩትም። እዚህ ለማልኖርበት ቤት ምን አገባኝ ብዬ አሰብኩ። ቢሆንም የእጁ ሙቀት፣ የናስትሮው ሽታ፣ ጉልበቱ ጉልበቴን ሲነካኝ፣ ይሄ ሁሉ ደስ ብሎኛል። ያን ቀን ብቻ ነው አባቴ ሥራውን ያስተማረኝ። የማውቀውን ሌላውን ከሰው ስድብ ጋር ነው የተማርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። የአባቴ ሻንጣ ነው። ልብሴን በሱ የከተቱልኝ መሰለኝ። አባቴ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጠጉሩን በውኃ አበጥሯል። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን መስኮቱ ሥር ትሰፋለች። እህቴ ጆሮው የተሰበረውን ስኒ ይዛ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች፤ ከሁላችን ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት።

«ልጆቹ ቁርስ ሊበሉ ነው» አለች እናቴ፣ ሳትዞር። «ድንኳ አትሠራም።»

«ከትናንት በስቲያ ነው እኮ የሠራኋት።»

«አትሠራም አልኩህ።»

ውጭ ፒካፑ ጥሩንባ ነፋ። አባቴ በሩን አየ፣ ሻንጣውን አየ። ጃኬቱን አውልቆ ሻንጣው ላይ ጣለውና ተመለሰ።

ማብሰያዋን ገለበጣት። ገመዷ ከጠረጴዛው እግር ኋላ ለሁለት ተቆርጧል። አንዱን ጫፍ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሄደ። እንደ ሐሙሱ አገላበጠው፤ ከሐሙሱ ግን ረዘመ። ከዚያ ዓይኑን ከገመዱ ላይ አንስቶ የእናቴን ጀርባ አየ። የስፌት መኪናው ይዞራል። አላቆመችም። ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበሩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አይጧ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም!»

«አይጧ አንተ ነህ ወይ አልኩህ!»

«አባዬ፣ በእግዚአብሔር፣ አይ...»

ጥፊው ጆሮዬን ያዘው። ቤቱ በሙሉ ለትንሽ ጊዜ እንደ ንብ ቀፎ አፏጨ። ሳላለቅስ በፊት እህቴን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች፤ ጆሮዎቿ ቀልተዋል። ስኒውን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። እሷ ናት፣ አልኩ በልቤ። ቀድማ ተነስታ የቆረጠችው እሷ ናት፤ የሐሙሱ በኔ ስለወጣ ዛሬም በኔ ይሳበብልኝ ብላ ነው። አፏን ከፍታ አንዲት ቃል ብትተነፍስ እድን ነበር። አልተነፈሰችም።

ጥሩንባው ሁለት ጊዜ ተነፋ። «ኧረ ሰውየው፣ እንሂድ!» አለ ሾፌሩ ከውጭ። አባቴ ተንበርክኮ ቀጠለው። ዓይኔ እንባ ስለሞላው እንዴት እንደቀጠለው አላየሁም፤ ናስትሮው ሲቀደድ ብቻ ሰማሁ። ሶኬት ላይ ሰካት። ቀይዋ መብራት በራች።

«ትሠራለች» አለ።

«እሺ» አለች እናቴ።

ትንሽ ቆመ። ከዚህ ሌላ የሚባል ነገር ካለ የጠበቀ ይመስላል፤ አልነበረም። እጁን ወደ ራሴ ሰደደ፣ ሸሸሁት። ጃኬቱን ለበሰ፣ ሻንጣውን አነሳ፣ ወጣ። እኔ እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ «ና ውጣ» እስክባል ጠበቅኩ። ማንም አልጠራኝም። የፒካፑ በር ተዘጋ፤ ሞተሩ እየራቀ ሄደ።

እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። ከእህቴ እጅ ስኒውን ወሰደች፣ ሩዝ ለካች። ሦስት። ድንኳ ጠቅ አለች። ከዚያ በሦስት ሰሀን አወጣችው፤ ድስቷ ውስጥ ለሌላ ሰው የሚሆን ምንም አልቀረም፣ የጎደለበትም ሰው አልነበረም። ያኔ ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ፦ አባቴ በእኔ ምትክ ሄዷል። ማብሰያዋን ለእኛ ልክ አድርጓት ሄዷል። አሸንፌያለሁ።

ጉንጬ እያበጠ ሰሀኔን ጠረግኩት። «ብላ» ትለኛለች እናቴ፤ እበላለሁ። እህቴ ሰሀኗን አልነካችም፤ የሷንም በላሁት።

ስለዚያ ሰሞን ሌላ የማስታውሰው ነገር አንድ ብቻ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዩኒፎርም የሚያሰፋት ድርጅት አንድ እስር መለሰባት፤ ጠርዙ ይተረተራል ተብሎ። እናቴ የጨርቁን ጠርዝ የምትቆርጥበት ጥርሳም መቀስ ነበራት፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ እያደረገ የሚቆርጥ፣ ጨርቅ እንዳይተረተር። በዚያ መቀስ ወረቀት የቆረጠ ሰው ቤት አያድርም ነበር። እህቴ አንዴ የደብተር ልባስ ቆርጣበት ለሦስት ቀን ተኮርፋለች። አሁን የመቀሱ ሁለት ጥርስ ተሸርፏል። ማን ነካው ብላ ቤቱን ትገለብጠዋለች ብዬ ጥግ ያዝኩ። «ጨርቁ ወፍራም ነበር» ብቻ አለች፤ በጋዜጣ ጠቅልላ ወደ ሞራጁ ወሰደችው። እኔም ከጥግ ወጥቼ ጨዋታዬን ቀጠልኩ።

ስለ አባቴ የነገረችኝ እህቴ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ እንዳልኩት። ነግራኝ ስትጨርስ የጠየቅኳት ግን ስለሱ አልነበረም።

«ያስመታሽኝስ?»

«መቼ?»

«አታውቂም! ገመዱን ቆርጠሽ።»

«እኔ አልነካሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ዝም አለች። ስታውቅ ይሁን ሳታውቅ እንጃ። ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ በዚያው ሄድን። እሷ ተማረች፣ ቢሮ ገባች። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወጣሁ። ለሠርጓ ጠርታኝ ከድምፅ ማጉያው ጎን አስቀመጡኝ፤ የባሏን ዘመዶች ስታስተዋውቀኝ «ወንድሜ ነው፣ ምድጃ ይሠራል» አለችና ፈገግ አለች። ፈገግታውንም ያዝኩት። ልጇ ሲወለድ አልሄድኩም። ስልክ ቀየርኩ፣ አዲሱን አልሰጠኋትም። አባታችን መሞቱን በሰው ላከችብኝ፤ ያን ቀን የሰው ፍሪጅ ፈትቼ ነበር፣ መልሼ ገጠምኩት። ሰው የመታውን አይረሳም ይባላል። እኔ የመታኝን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት አጠገቤ ቆማ ያልተነፈሰችውን ነው።

ያለፈው ወር እናቴ ደወለች።

«ድንኳ ሞተች» አለች።

«አዲስ እገዛልሻለሁ አልኩሽ እኮ።»

«አዲስ ማን ጠየቀህ? መጥተህ እያት።»

ሄድኩ። አሁን የምትኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። መስፋት ካቆመች ቆይቷል፤ መኪናው ግን መስኮቱ ሥር አለ፣ ጨርቅ ለብሶ። እሷም እዚያው ወንበር ላይ ናት። ባለፉት ዓመታት የማብሰያዋን ማሞቂያ ሁለት ጊዜ፣ ቁልፏን አንድ ጊዜ ቀይሬላታለሁ። ገመዷን ነክቼው አላውቅም። ሁለት ቦታ ላይ ጥቁር ናስትሮ እንዳለው አውቃለሁ፤ ምክንያት ስላልነበረኝ ፈትቼው አላውቅም።

ቴስተሩን ሳስቀምጥበት ግን ገመዱ ነው የሞተው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ናስትሮ ፈታሁ። ደርቆ እንደ ቅርፊት ይፈረፈራል። ከሥሩ ያለው መጋጠሚያ ንጹሕ ነው፤ ጫፉ ተስተካክሎ፣ መዳቡ ተጠምዝዞ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው ለብሶ። የሐሙሱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ አልላላም።

ሁለተኛውን ፈታሁ። መዳቡ ጠቁሯል፣ የተቃጠለው እሱ ነው። የላይኛው ላስቲክ ጫፍ ግን እንዳለ አለ። አልተስተካከለም። ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ።

ጣቴን አስኬድኩበት። ሌላውንም ጫፍ አየሁት። እሱም እንደዚያው።

አባቴ ጫፍ ሳያስተካክል የሚቀጥል ሰው አልነበረም። ሰነፍ ነው ወይ የቸኮለ፣ ብሏል። ያን ቀን ቸኩሎ ነበር፤ ፒካፑ ቆሟል። ወይም ሆን ብሎ ነው የተወው። አሁን የሚጠየቅበት መንገድ የለም። ያወቀ እንደነበር ግን አወቅኩ። መስኮቱ ሥር ሆኖ ያን ሁሉ ጊዜ ገመዱን ያየው ለዚህ ነው። አውቆ፣ የሚመታውን ከእኔና ከእናቴ መረጠ።

ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር።

«አገኘኸው?» አለች እናቴ።

«አገኘሁት። ድሮ የተቀጠለ ቦታ ነው።»

«ስንት ቦታ ነው የተቀጠለው?»

«ሁለት።»

«አንዱ የአይጥ ነው» አለች።

አልሳቅንም።

«ሁለተኛውስ?» አልኳት።

እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። ቀኝ አውራ ጣቷ ከመቀስ ብዛት ጎብጦ ቀርቷል። ወደ ውጭ አየች፤ ከመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው።

«ፒካፑ አይጠብቅም ብዬ ነበር» አለች።

ሌላ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም። በሷ ፋንታ የተመታውን ልጅ ጉንጭ ታስታውስ እንደሆነ፣ ወይም አንዷን ልጇን ከሌላው ልጇ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነጥላ ዝም ስትል ምን ይሰማት እንደነበር መጠየቅ ይቻል ነበር። አልቻልኩም ማለቴ አይደለም። አልጠየቅኩም።

ወጣ ገባውን ጫፍ በፒንሳ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። አዲስ ገመድ ይዤ ነበር፤ ገጠምኩላት፣ አጠበቅኩት፣ ገለበጥኳት፣ ሰካሁ። ቀይዋ መብራት በራች።

«ትሠራለች» አልኩ።

«እሺ» አለች።

ተነስታ ሩዝ አወጣች። ስኒው ያው ነው፣ ጆሮው የተሰበረው። ሩዙ ላይ አስገባችውና ቆመች።

«ትበላለህ? ስንት ላድርግ?»

«ሦስት አድርጊ።»

ዞራ አየችኝ። ከዚያ ለካች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጥቂት ፍሬ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ለቀምኩላት። የእህቴን ቁጥር ከእናቴ ስልክ ላይ አውጥቼ በራሴ ስልክ ደወልኩ።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን?»

«ምራቂ።»

ከኋላዋ የቢሮ ሰው ሲያወራ ይሰማኛል።

«እማዬን ምን አገኛት?» አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ።

«ምንም አላገኛት። ሩዝ ጥዳለች።»

«ሩዝ?»

«አዎ» አልኳት። «የሦስት ሰው ነው።»